ማታ ሕግ ለምትማሩት

«ጋሼ፣ ስደተኛ ቀን እየሠራ፣ ማታ ሕግ ተምሮ ፖለቲካ መግባት ይችላል?» ብላችሁኛል። ይችላል። ለሚጠይቀኝ ሁሉ የኒውዮርክ ከንቲባ የነበረውን የዊልያም ኦድዋየርን ሕይወት አወራ ነበር፤ ግማሹን ብቻ ማውራቴ ግን ይቆጨኛል።

ያ ግማሽ አጭር ነው፤ ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። አየርላንድ፣ ሜዮ ተወልዶ በ1910 ኒውዮርክ ገባ። የቀን ሠራተኛ፣ የመጠጥ ቤት አስተናጋጅ፣ ፖሊስ ሆነ። በፎርድሃም ዩኒቨርሲቲ የማታ የሕግ ትምህርቱን በ1923 ጨረሰ። ከጥብቅና ወደ ዳኝነት፣ በ1940 ወደ ብሩክሊን ዐቃቤ ሕግነት፣ በ1946 ወደ ከንቲባነት ወጣ።

የተቀረው የኤብ ሬልስ ጉዳይ ነው። ይህ የወሮበላ ቡድን ነፍሰ ገዳይ በ1940 ራሱን ለማትረፍ፣ ለኦድዋየር ቢሮ በጓዶቹ ላይ መመስከር ጀመረ። በኒውዮርክ ሕግ በግብረ አበር ቃል ብቻ አይፈረድም፤ ተከሳሹን ከወንጀሉ ጋር የሚያያይዝ ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል። ይህ በተሟላባቸው መዝገቦች በርካቶቹ በኤሌክትሪክ ወንበር ተቀጡ። ዋናው ተፈላጊ፣ የወሮበሎቹ አለቃ አልበርት አናስታሲያ ግን ሳይከሰስ ቆየ። ኖቬምበር 12 ቀን 1941 ሬልስ ፖሊስ እየጠበቀው ብሩክሊን ውስጥ ከአንድ የኮኒ አይላንድ ሆቴል 6ኛ ፎቅ መስኮት ወድቆ ሞተ። ኦድዋየር የአናስታሲያ ክስ በዚህ ሞት ፈረሰ አለ።

ጥፋቱ ግን ከመስኮቱ ይቀድማል። ምስክሩ 20 ወር ያህል በኦድዋየር ቢሮ እጅ ነበር። ክስ ካልተመሠረተ ተከሳሽ የለም፤ መስቀለኛ ጥያቄ ያልቀረበበት ቃል ደግሞ ምስክሩ ሲሞት ዋጋ ያጣል። በዚያው ዓመት ኦድዋየር ለከንቲባነት ይወዳደር ነበር፤ በነባሩ ከንቲባ በላጋርዲያ በተሸነፈ በ8ኛው ቀን ነው ሬልስ የሞተው። በ1942 የአናስታሲያ የተፈላጊነት ካርድ ከፖሊስ መዝገብ ወጣ። የሬልስን ጥበቃ ኃላፊ ፍራንክ ባልስንም ኦድዋየር ከንቲባ ሲሆን ምክትል የፖሊስ ኮሚሽነር አደረገው። በ1950 የፖሊስ ጉቦ ሲመረመር ሥልጣን ለቆ አምባሳደር ሆኖ ሜክሲኮ ሄደ፤ በ1951 የሴኔት ኮሚቴ ይህንኑ ሁሉ በቴሌቪዥን ፊት ጠየቀው።

እናንተ ደግሞ የሹመቱን ፎቶ እንጂ የመዝገቡን አቧራ አትወዱም። ለምርጫ ከመመዝገባችሁ በፊት የጀመራችሁትን መዝገብ ዝጉ፤ ካልሆነም ምስክሩን፣ ደጋፊ ማስረጃውንና ቀነ ቀጠሮውን በጽሑፍ አስረክቡ። መዝገቡን ሁሉ የዘጋ ጠበቃ አይቼ አላውቅም እንጂ።

ታናሽ ወንድሙ ፖል እኔን ይበልጥ ይማርከኛል። በ1925 መጣ፣ በ1931 የጥብቅና ፈቃድ አገኘ፣ በ1968 ለአሜሪካ ሴኔት ተወዳድሮ ተሸነፈ። የከተማዋ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት የሆነው በ66 ዓመቱ ነው። ከዚያማ በኒውዮርክ ማኅተም ላይ የነበረውን 1664ን፣ እንግሊዞች ከተማዋን የያዙበትን ዓመት፣ አስፍቆ የሆላንዶቹን 1625 አስጻፈበት። እንግሊዝ የገዛቻት የአየርላንድ ልጅ አይደል!