የሱፐርሂሮዎቹ ቤተሰብ ፊልም ለልጆቻችን ይሆናልን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምንኖረው በአሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። የ4 ዓመት ወንድ ልጅና የ8 ዓመት ሴት ልጅ አሉን። ሁለቱም «ዘ ኢንክሬዲብልስ» የሚባለውን የሱፐርሂሮ ቤተሰብ ፊልም ካላየን ብለው አስጨንቀውናል። የትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ሁሉ አይተውታል። ባለቤቴ «ካርቱን ነው፤ ምን ክፋት አለው?» ይላል። አብረውን የሚኖሩት አማቴ ደግሞ «ከሰው በላይ የሆነ ኃይል ከእግዚአብሔር ካልሆነ ከሰይጣን ነው፤ እዚህ ቤት እንዳይገባ» ይላሉ። ትንሹ ልጄ በቅርቡ «ቅዱስ ጊዮርጊስና ሱፐርሂሮ ቢጣሉ ማን ያሸንፋል?» ብሎ ጠየቀኝና የምመልስለት አጣሁ። ላሳያቸው ወይስ ልከልክላቸው? ጊዜው ዐቢይ ጾም መሆኑም ይበልጥ አስቸግሮኛል።

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። ለአራት ዓመቱ ልጅሽ ይህ ፊልም አይሆንም። የስምንት ዓመቷ ልጅሽ ግን ጾሙ ካለፈ በኋላ በአንቺና በአባቷ መካከል ተቀምጣ ብታየው፣ ከዚያም ብትነጋገሩበት፣ ጉዳት ያመጣባታል ብዬ አልፈራም። እንዲያውም አንዳንድ ጥቅም ታገኝበታለች። አሁን ምክንያቱን ላስረዳሽ፤ ነገ ሌላ ፊልም ሲመጣ ያለ እኔ መመዘን እንድትችዪ ነውና።

ፊልሙን ተመልክቼዋለሁ። በ2004 እ.ኤ.አ. በፒክሳር የተሠራና በዲስኒ የተሠራጨ፣ 115 ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው። ፒክሳር ከዚያ በፊት ያወጣቸው አምስት ረጃጅም ፊልሞች በሙሉ ለማንኛውም ዕድሜ ይሆናሉ የሚል ደረጃ ነበራቸው፤ «የወላጅ ምክር ያስፈልገዋል» የሚለው የፒጂ ደረጃ የተሰጠው የመጀመሪያው ሥራቸው ይህ ነው። ስለዚህ «ካርቱን ነው» ለሚለው ባለቤትሽ የተሰጠው ደረጃ ራሱ መልስ ሰጥቶታል ማለት ይቻላል። ደረጃው ግን የሚነግረን ጠብና ፍንዳታ እንዳለ ብቻ ነው። ልጃችን ከፊልሙ ምን ወድዳ፣ ማንን አድንቃ እንደምትነሣ አይነግረንም፤ እርሱን መመልከት የእናትና የአባት ሥራ ነው።

የአማትሽን ቃል አቃልዬ አላልፈውም፤ ቤታችሁን ለመጠበቅ የተናገሩት ነውና። ሆኖም እዚህ ላይ ልናስተውል ይገባል። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 18 የሚከለክለው ሟርትን፣ አስማትን፣ መናፍስት መጥራትን ነው። በዚህ ፊልም ውስጥ ድግምት የሚደግም፣ መንፈስ የሚጠራ ሰው የለም። አባትየው ብርቱ፣ እናትየው እንደ ጎማ የምትለጠጥ፣ ሴት ልጃቸው የምትሰወር፣ ወንድ ልጃቸው እንደ ነፋስ የሚሮጥ ተደርገው የተፈጠሩ የተረት ሰዎች ናቸው። እንስሳት በሚነጋገሩበት የአያቶቻችን ተረት እንዳልደነገጥን ሁሉ በዚህም መደንገጥ አያስፈልግም። አንድ ቦታ ብቻ ልብ በዪ፤ ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ሕፃኑ ልጅ በእሳት ይነድዳል፣ ብረት ይሆናል፣ ቀጥሎም ቀይ የሰይጣን መልክ ወዳለው ፍጡር ይለወጣል። ለሳቅ የገባ ነው፤ ልጅሽ ግን ሥዕሉን አይታ ብትጠይቅሽ እንዳትደነግጪ። እንደ አስማት ትምህርት ቤት ወይም እንደ ጠንቋይ ጀብዱ ባሉ ታሪኮች የሆነ እንደሆነ ሚዛኔ ከዚህ ይከብዳል።

አሁን ወደ አስፈሪው ነገር እንምጣ። ፊልሙ ገና ሲጀምር ራሱን ለመግደል ከፎቅ የሚወረውር ሰው አለ። እናትና ሁለት ልጆቿ የተሳፈሩበት አውሮፕላን በሚሳይል ይመታል። አባትየው ታስሮ በኤሌክትሪክ ይሠቃያል። ልጁን ሲያሳድዱ የነበሩ ዘበኞች ከነተሽከርካሪያቸው ተጋጭተው ይፈነዳሉ፤ ልጁ ግን በደስታ መሮጡን ይቀጥላል። ክፉው ሰው በመጨረሻ በካባው ተጎትቶ የአውሮፕላን ሞተር ውስጥ ይገባል። ደም አይታይም። ነገር ግን እናትየው ለልጆቿ «እነዚህ በካርቱን እንደምታዩአቸው አይደሉም፣ ቢያገኟችሁ ይገድሏችኋል» በሚል መንፈስ ስታስጠነቅቃቸው የአራት ዓመት ልጅ ሁሉንም ይረዳል፤ የማይረዳው ተረት መሆኑን ብቻ ነው።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ ልጆች አስተዳደግ ባስተማረው ትምህርት ላይ ታሪክ ለልጅ የሚነገርበትን ቅደም ተከተል አስቀምጧል። በመጀመሪያ የቃየንና የአቤል ታሪክ ይነገረዋል፣ ቀጥሎ የያዕቆብና የዔሳው። የጥፋት ውኃና የሰዶም ታሪክ ስምንት ወይም ዐሥር ዓመት ሲሞላው ይደርሳል፤ የገሃነም ነገር ደግሞ ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ ነው። ይህ አባት መጽሐፍ ቅዱስን ራሱን እንኳ ለልጅ በዕድሜው ልክ ሲመትር፣ እኛ የሆሊውድን ፊልም ለአራት ዓመት ልጅ ያለ ልክ የምንከፍትበት ምክንያት ምንድን ነው? እውነቱን ለመናገር አፈወርቅ ልጆችን ወደ ቴአትር መውሰድን አጥብቆ ይከለክል ነበር። በዘመኑ የነበረው ቴአትር ዝሙትን በአደባባይ ያሳይ ስለ ነበር ቃሉን ቀጥታ በዚህ ፊልም ላይ አላውለውም፤ ነገር ግን ዓይንና ጆሮ የነፍስ ከተማ በሮች ናቸው ያለው ዛሬም ይሠራል።

በዚህ ፊልም ላይ ሰዎች ጠቡን ሲቆጥሩ የሚያልፉት ነገር አለ፤ እኔ ከሁሉ በላይ ልታስተውዪው የምፈልገው እርሱን ነው። ታሪኩ በእውነቱ የአንድ ባልና ሚስት ታሪክ ነው። አባትየው የቀድሞ ክብሩን የሚናፍቅ፣ በኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ወንበር ላይ የተጣበበ ሰው ነው። አለቃውን ደብድቦ ከሥራ ሲባረር ለሚስቱ አይነግራትም። ወደ ሥራ የሚሄድ መስሎ በድብቅ ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል። ሚስቱ ሌላ ሴት የያዘ መስሏት ትሠቃያለች። የውሸቱ ዋጋ በመጨረሻ በልጆቹ ሕይወት ላይ ይመጣል። ከዚያ በኋላ በእስር ላይ ሳሉ ክፉ አባት እንደ ነበረ፣ ያጣውን ክብር ሲያስብ የያዘውን ቤተሰብ እንዳቃለለ በልጆቹ ፊት ይናዘዛል። ቆየት ብሎም ለሚስቱ ያን ሁሉ ጉልበት ይዞ እነርሱን ዳግመኛ ማጣት እንደማይችል፣ ለዚያ የሚበቃ ብርታት እንደሌለው ይነግራታል። ስንት አባት ነው በልጆቹ ፊት «በድያችኋለሁ» የሚለው? ልጅሽ ይህን ብታይ ደስ ይለኛል። ባለቤትሽም ቢያየው ደስ ይለኛል፤ እንዲህ የምለው ለነቀፋ አይደለም፣ በስደት ሀገር ኑሮ የሚደክሙ ብዙ አባቶች ይህን የመናቅ ስሜት ያውቁታልና።

ክፉው ሰውም ለትምህርት ይሆናል። በልጅነቱ ጀግናውን የሚያደንቅ፣ በጀግናው የተናቀ ልጅ ነበር። ያ ቂም አድጎ ነፍሰ ገዳይ አደረገው። ዕቅዱን ተመልከቺ፦ ራሱ የሠራውን ማሽን በከተማ ላይ ለቅቆ፣ ራሱ ደርሶ ያዳነ በመምሰል ጭብጨባ ማግኘት። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ለሰው ይታይ ዘንድ ጽድቅን ስለሚያደርግ ሰው የተናገረውን ለልጅ ለማስረዳት ከዚህ የቀለለ ምሳሌ አይገኝም።

ጉድለቱስ? ፊልሙ ሰውን የበላይ ተሰጥኦ ያለውና ተራው ብሎ የመክፈል ዝንባሌ አለው። ሐዋርያው በአንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 12 ደካማ የሚመስለው የአካል ክፍል ይልቁን የሚያስፈልግ መሆኑን ያስተምረናል፤ የፊልሙ ዓለም ይህን አያውቅም። ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ፣ አውሮፕላኑ ሲመታ፣ አባት ቤተሰቡ የሞተ ሲመስለው፣ ሁሉም ታስረው ሲሰቀሉ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ላይ የሚመለከት የለም። መዳን ሁሉ ከገዛ ክንድ ነው። ፊልሙ ክርስቲያናዊ ሥራ ስላልሆነ ይህን በመተዉ አልከሰውም። ነገር ግን ልጆቻችን በሳምንት ብዙ ሰዓት እንዲህ ያለ ታሪክ እየሰሙ፣ የቅዱሳንን ታሪክ እሑድ ለግማሽ ሰዓት ብቻ የሚሰሙ ከሆነ፣ ልባቸው የትኛውን ዓለም እውነተኛ አድርጎ እንደሚይዝ ግልጽ ነው። የትንሹ ልጅሽ ጥያቄም የመጣው ከዚህ ነው።

እንዲህ በዪው፦ «እነዚያ ሰዎች የፈጠሯቸው ተረት ናቸው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ግን በእውነት የነበረ፣ አሁንም በእግዚአብሔር ዘንድ ሕያው የሆነ፣ የሚጸልይልህ ነው።» ለአራት ዓመት ልጅ ይህ ይበቃል። ለእኅቱ ጥቂት ጨምሪላት። ቅዱስ ጊዮርጊስን በነጭ ፈረስ ሆኖ ደራጎኑን ሲወጋ በሥዕሉ ስለምታየው እንደ ሱፐርሂሮ ብትቆጥረው አይገርምም። ገድሉ ግን ሰባት ዓመት በዱድያኖስና በሰባው ነገሥታት እጅ የተሠቃየ፣ ስሙን ያስጠራውም ክርስቶስን አልክድም ማለቱ እንደሆነ ይነግረናል። የፊልሙ ጀግና ሥቃይን የሚያሸንፈው ሰንሰለቱን በመበጠስ ነው፤ ሰማዕቱ ግን በሰንሰለቱ ውስጥ ሆኖ አሸነፈ። «ኃይሌ በድካም ይፈጸማል» የሚለው ቃል በሰው ሕይወት ሲታይ ይህን ይመስላል።

ለእኛም የቤተሰብ ታሪክ አለን። ሐምሌ 19 ቀን የምናከብራቸው ቅዱስ ቂርቆስና እናቱ ቅድስት ኢየሉጣ ወደ ፈላ ጋን ሊጣሉ ሲሉ፣ ድምፁ እንደ ነጎድጓድ ሲያስገመግም፣ የፈራችው እናቲቱ ነበረች። ያጽናናት የሦስት ዓመት ልጇ ነው፤ ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያዳነ አምላክ እኛንም ያድነናል አላት። ቅዱስ ገብርኤልም ወርዶ ጋኑን አቀዘቀዘው። በፊልሙ ልጆቿን የምታበረታው እናት ናት፤ በስንክሳራችን ግን ሕፃን እናቱን አበረታ። ይህን ታሪክ ለልጅሽ ከፊልሙ በፊት ንገሪያት። ፊልሙን ካየች በኋላ ልዩነቱን ራሷ ታገኘዋለች፤ ካላገኘችውም ጠይቂያት።

ስለ አጠያየቁም አፈወርቅ ያስተማረን አለ። አባት ታሪኩን በማታ ከነገረ በኋላ፣ በሌላ ቀን «እስኪ የሁለቱን ወንድማማቾች ታሪክ ንገረኝ» ብሎ ልጁን ያስተርተዋል። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ፊልሙ እንዳለቀ ስብከት አትጀምሩ፤ ልጅ ስብከት እንደሚከተል ካወቀች ደስታዋን ትደብቃለች። በማግስቱ እራት ላይ ታሪኩን ትንገራችሁ። በምትነግራችሁ ጊዜ የምታስቀድመውንና የምትዘልለውን ስሙ። የአባትየውን ውሸት ከዘለለችው አባቷ ይጠይቃት፤ ዘበኞቹ ሲሞቱ ከሳቀች አንቺ ጠይቂያት። ትንሹ ልጅሽ ግን በእኅቱ ምክንያት እንዳይከፋው፣ ፊልሙን እርሱ ከተኛ በኋላ ወይም ከአያቱ ጋር ወጣ ሲል አሳዪአት። አማትሽም የተናገሩት ቃል ዋጋ እንዳገኘ በዚህ ያያሉ።

ስለ ጾሙ፦ ፊልምን በስም ጠርቶ የሚከለክል ቀኖና የለም። ነገር ግን ቅዱስ ያሬድ «ይጹም ዓይን፣ ይጹም ልሳን፣ እዝንኒ ይጹም እምሰሚዐ ኅሡም» ብሎ የዘመረው ለዚህ ወቅት ነው። ሥጋና ቅቤ ትተን ቴሌቪዥናችን እንደ ወትሮው ከዋለ ጾማችን ጎደሎ ነው። የስምንት ዓመቷ ልጅሽ መጾም በምትለማመድበት ዕድሜ ላይ ናት፤ «ከትንሣኤ በኋላ አብረን እናየዋለን» ብትያት መታገሥን ትማርበታለች። ቃል ከገባሽላት ግን ፈጽሚው። ተስፋ ሰጥቶ ማስረሳት ልጅን ከፊልሙ ይልቅ ይጎዳል።

ቀጥለው በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣውን ሁለተኛውን ክፍል መጠየቃቸው አይቀርም። እርሱን በሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ፤ ለጊዜው ግን በፍጥነት የሚያብረቀርቅ ብርሃን ያለባቸው ትዕይንቶች ስላሉት፣ በወጣ ጊዜ የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሰዎች በሲኒማ ቤቶች ማስጠንቀቂያ ተለጥፎለት እንደ ነበር እወቂ። በቤታችሁ ወይም በሚጠሯቸው ጓደኞች መካከል እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ልጅ ካለ አታሳዩት።