«ካልቸር አሠሩ» ለተባልሽው እህት

እናትሽ ደሴ ቀዶ ሕክምና አድርገው ቁስላቸው መግል መቋጠሩን፣ ሴፍትሪያክሶን የሚባለውን የጀርም መድኃኒት እየተወጉም ለውጥ እንደሌለ፣ ካልቸር (ጀርሙን ላብራቶሪ አሳድጎ የሚገድለውን መድኃኒት የሚለይ ምርመራ) አሠሩ እንደተባላችሁ አነበብኩ። አላህ ያሽራቸው። እኔም አባባን በተሰበረ እግር አስታምሜያለሁ፤ ያየሁትን ልንገርሽ።

1. የመግሉ ናሙና መድኃኒት ሳይጀመር ቢወሰድ ነበር ጥሩ። አሁን ግን ምን ምን እንደተወጉ የምርመራ ማዘዣው ላይ ይጻፍ። መድኃኒት ሊቀየር ከሆነም ናሙናው ቀድሞ ይወሰድ። ሐኪሙ ሳያዝ ምንም እንዳታስቆሚ።

2. ናሙናውን ማን እንደሚያደርሰው እወቂ። የኛዋ ነርስ፣ እጇ ይባረክ፣ ቁስሉን በኖርማል ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) አጥባ ከሥሩ ወሰደችልኝ። ላይ ላዩን ያለው መግል የቆዳ ጀርም ይቀላቀልበታል። ላብራቶሪው መስኮት ስደርስ ሰውዬው ከስልኩ ቀና ሳይል «እዛ ጋ አስቀምጠው» አለኝ። ፀሐይ የሚመታው ቦታ ላይ! ከምሳ በኋላ ስመለስ እዚያው ነው። «ጌታው፣ አይበላሽም?» ብዬ ስጠይቀው «ባለሙያው አንተ ነህ?» አለኝ። ውጤቱ «ምንም አላደገም» ሆኖ መጣ። መግሉ እየፈሰሰ! በግምት ሌላ ውድ መድኃኒት ታዘዘ። ላም ተሸጠች፤ ለውጥ የለም።

ሁለተኛውን ናሙና ሰው በእጁ እስኪቀበለኝ ከመስኮቱ አልነቃነቅም አልኩ። ክሌብሲየላ የሚባል ጀርም ተገኘ። ያደገውን ጀርም ሌላ ሳህን ላይ ይቀቡና መድኃኒት የነካቸው ትንንሽ ክብ ወረቀቶች አስቀምጠውበት እንደገና ያሳድጉታል። መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ በወረቀቱ ዙሪያ ጀርም የሌለበት ክብ ይታያል። እሱን በሚሊሜትር ለክተው ኤስ ወይም አር ይጽፋሉ፤ ኤስ ማለት ይሠራል፣ አር ማለት ጀርሙ ተላምዶታል። ሴፍትሪያክሶን ፊት ለፊት አር ተጽፏል። ስንወጋ የከረምነው ውሃ ነው ማለት ነው! ሜሮፔኔም የሚባለው ሌላ መድኃኒት ኤስ ነበር፤ በእሱ ዳኑ። ውጤቱ 2 ወይም 3 ቀን ይፈጃል። ሆስፒታላችሁ ካልሠራ፣ ደሴ ያለውን የአማራ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቅርንጫፍ ጠይቂ።

3. ጠያቂ። ወሎ ነው እንግዲህ፤ ከኩታበር የመጣ ዘመድ አባባን ብቻ ስሞ አይመለስም። ክፍሉን ሙሉ «ይማራችሁ» እያለ ይጨብጣል፣ ያገኘው አልጋ ላይ ይቀመጣል። ይሄ ጀርም ደግሞ በእጅና በአልጋ ብረት ነው የሚዛመተው። አልኮል ይዤ በር ላይ ቆምኩ። አጎቴ እስከ ዛሬ ተቀይመውኛል፤ ይቀየሙ። አንዱን ቁስል ነክቶ ወደ ሌላው ሊያልፍ የነበረ ተለማማጅ ሐኪምንም «ወንድሜ፣ እጅህን» ብዬዋለሁ። ሳቀ፣ ግን ታጠበ።

የውጤቱን ወረቀት በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ሪፈር ከተባላችሁ ካርዱ ውስጥ ፈልገሽ አታገኚውም።