ጌጁን አምነህ ቴስታታውን አታስቆርጥ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የአባቴን የቮልስ 1600 ሞተር እያደስኩ ነው። ከመፍታቴ በፊት ኮምፕሬሽን ስለካ አራቱም ሲሊንደር ከ90 እስከ 95 ፒኤስአይ አሳየኝ። ቶርኖ ቤት ደግሞ "ኮምፕሬሽኑ ወርዷል፣ ቴስታታው ይቆረጥ" አሉኝ። ቴስታታውን የገዛሁት ያገለገለ ነው። መኪናው የሚኖረው አዲስ አበባ ነው፤ በዓል ሲሆን ድሬዳዋ እንወርድበታለን። ላስቆርጠው?»

ወንድሜ፣ ሳትለካ እንዳታስቆርጥ። ቴስታታ የሲሊንደሮቹ ክዳን ነው፤ ሲሊንደሩ የሚያርፍበት ፊቱ ሲቆረጥ ከፒስተኑ በላይ የሚቀረው ቦታ ይጠብና ኮምፕሬሽኑ ይጨምራል። የተቆረጠ ብረት አይመለስም።

ጌጁ፣ ማለትም የኮምፕሬሽን መለኪያው፣ የሚያሳይህ ግፊት ነው። የኮምፕሬሽን ሬሾ ግን የቦታ ጉዳይ ነው፤ ፒስተኑ ታች ሳለ ከበላዩ ያለው ቦታ፣ ላይ ሲደርስ ከሚቀረው ቦታ ስንት እጥፍ ነው ማለት ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ጤነኛ ሞተርም እዚህ ሲለካ ዝቅ ይላል። የቤንዚን ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ሳትረግጥ ለክተህ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። ከአራቱ አንዱ ብቻ ወርዶ ቢሆን ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ወይም ቫልቭ እጠረጥር ነበር።

አሁን ሞተሩ ስለተፈታ እውነተኛውን ቁጥር ማግኘት ትችላለህ። የ1600 ሲሊንደር ስፋቱ 85.5፣ የፒስተኑ ጉዞ 69 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንዱ ሲሊንደር 396 ሲሲ ይሆናል።

መጀመሪያ ፒስተኑ ላይ ሲደርስ ከሲሊንደሩ አፍ ስንት እንደሚጎድል ለካ። ሲሊንደሩን ከሥሩ ካለው የወረቀት ጓርኒሲዮን ጋር አስቀምጠህ፣ በረጃጅሞቹ ብሎኖች ላይ የቱቦ ቁራጭ አስገብተህ በዳዶ አጥብቀው። ሳይጠብቅ የተለካ ቁጥር አይታመንም። በካሊፐሩ ጅራት የምትለካው በፒስተኑ ፒን መስመር ላይ ነው፤ ከዚያ ውጭ ፒስተኑ ስለሚወዛወዝ ያሳስትሃል። አራቱንም ለካ።

ቀጥሎ የቴስታታው ጉድጓድ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የቮልስ ሲሊንደር ወደ ቴስታታው ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ጠፍጣፋ መስታወት ከላይ ብትከድንበት የማይቆጠር ቦታ ጨምረህ ትለካለህ። ፕሌክሲግላስ ክብ አድርገህ ቆርጠህ ሲሊንደሩ የሚቀመጥበት እርከን ላይ አሳርፈው። ቫልቮቹና የምትጠቀምበት ካንዴላ ይታሰሩ፤ የቫልቭ መቀመጫውንና የፕሌክሲግላሱን ዙሪያ ስስ ግራሶ ቀባ። ጠርዙ አጠገብ አንዲት ቀዳዳ ብሳ፤ ቴስታታውን ቀዳዳዋ ወደ ላይ እንድትሆን ትንሽ አዘንብለህ፣ ላምባ በ60 ሲሲ ስሪንጅ ቀስ እያልክ ሙላ። የአየር አረፋ ከቀረ ቁጥሩ ተበላሽቷል፤ አፍስሰህ እንደገና ጀምር።

ጉድጓዱ 46 ሲሲ፣ የፒስተኑ ጉድለት 1 ሚሊ ሜትር ሆነ እንበል። አንድ ሚሊ ሜትር በዚህ ስፋት 5.7 ሲሲ ነው፤ የሚቀረው ቦታ 51.7 ይሆናል። 396ን ለ51.7 አካፍለህ አንድ ጨምር፤ 8.66። ፋብሪካው ለአብዛኛው 1600 የሰጠው 7.5 አካባቢ ነው። ያገለገለ ቴስታታ እንዲህ ከሆነ ቀድሞ ተቆርጧል ማለት ነው፤ እንደገና ቢቆረጥ እዚህ ብርዱ ላይ ደህና መስሎህ ሊሄድ ይችላል፤ ወደ አዋሽ ስትወርድ ግን አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም ይጨምራል፣ ቤንዚኑ ያለ አግባብ እየፈነዳ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ሲያንኳኳ ቴስታታው ይግላል፣ ፒስተንም ይበሳል። ይህን በእጄ ፈትቼ አይቻለሁ።

መፍትሔው ከሲሊንደሩ ሥር ሺም (ስስ የብረት ቀለበት) ማስገባት ነው። 1 ሚሊ ሜትር ብታስገባ የሚቀረው ቦታ 57.4 ይሆንና ሬሾው ወደ 7.9 ይወርዳል፤ እኔ ለአንተ ጉዞ ከዚህ በላይ አልሄድም። አንድ ቴስታታ የሚያርፍባቸው ሁለት ሲሊንደሮች ሺማቸው እኩል ይሁን፤ አለበለዚያ ያስተነፍሳል። ቴስታታው ወደ ውጭ ስለሚገፋ የፑሽ ሮድ (ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሱት ዘንጎች) ቱቦዎቹን ትንሽ ሳብ አድርገህ አርዝማቸው፤ ካልደረሱ ዘይት ያፈሳሉ። የፑሽ ሮዱንም ርዝመት ከመግጠምህ በፊት አረጋግጥ።