ብቻውን የሚያጭደው ሰውዬ

ሰሞኑን አንዲት የሥዕል ተማሪ ስልኳን ዘረጋችልኝ። የሆላንዳዊው ሠዓሊ የቫን ጎግ «አጫጁ» ነው። «ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ ብቻውን የሆነው ዲፕሬሽን ስላለበት ነው አይደል?» አለችኝ። የዛሬ ልጆች ብቻውን የቆመ ሰው ባያችሁ ቁጥር በሽታ ትፈልጉለታላችሁ። እኔን ግን አጎቴን አስታወሰችኝ፤ ቆጨኝ።

አጎቴ የምንጃር ገበሬ ነበር። ተማሪ ሳለሁ ለአጨዳ እሱ ዘንድ ስሄድ፣ ከቤተ መጻሕፍት የተዋስኩትን የሥዕል መጽሐፍ ይዤ ሄድኩ። ማታ ኩራዝ ሥር ስገልጥ፣ እዚሁ ሥዕል ላይ «ቆይ» አለኝ። መጽሐፉን ወደ ብርሃኑ አስጠጋው። ስለ ቀለሙ ምንም አላለም። መጀመሪያ ማጭዱን ፈለገ። ቀጥሎ የሰውየውን ወገብ አየ። «ፀሐዩ በርትቶበታል» አለ። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና፣ «ደቦው የታለ? ይሄን ሁሉ ስንዴ ብቻውን ሊጨርሰው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

መልስ አልነበረኝም። እኛ የተማርነው ስለ ወፍራም ቀለምና ስለ ብሩሽ አጣጣል ነው፤ ደቦን ማን ያነሳል? በማግስቱ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ እየዘፈነ ሲያጭድ፣ አጎቴ ቀና እያለ «ያንተ ሰውዬ ዛሬም ሰው አላገኘም?» ይለኝ ነበር። ሰዉ ይስቃል። የአክስቴ ጠላ ደግሞ! እንደዚያ ያለ ጠላ ከዚያ ወዲህ አልጠጣሁም። ስሰናበተው «ሥዕሏን ተውልኝ» አለኝ። መጽሐፉ የውሰት ነው፣ ገጽ አይቀደድም። ቅጂ ላመጣለት ተስማማን። የሚቀጥለው አዝመራ ሳይደርስ አረፈ።

ሥዕሉ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1889 በደቡብ ፈረንሳይ፣ ሳን ሬሚ ነው። ቫን ጎግ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ገብቶ ነበር። በግንብ የታጠረው እርሻ ከክፍሉ መስኮት ይታየዋል፤ መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው። በሰኔ ጀመረው፣ መሃል ላይ ሕመሙ ተነሳበት፣ በመስከረም ጨረሰው። ይሄን የሰማ ሰው «በቃ፣ ብቸኝነቱን ነው የሳለው» ማለት ይቀናዋል። ልጅቷም ያለችው ይህንኑ ነው።

እስቲ እዩት። ሰውዬው በጥቂት የብሩሽ ጭረት የተሠራ ነው፤ ፊት እንኳ የለውም። ስንዴው ግን እንደ ማዕበል ተነስቶ ሊውጠው ደርሷል። ሁሉም ነገር ቢጫ ነው ማለት ይቻላል። ለወንድሙ ለቴዎ በጻፈው ደብዳቤ ላይ፣ በዚህ አጫጅ የሞትን ምስል እንዳየ ይናገራል፤ የሚታጨደው ስንዴ የሰው ልጅ ነው። ወዲያው ግን ይሄ ሞት ምንም የሚያሳዝን ነገር እንደሌለው ይጨምራል፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ሁሉን ወርቅ በሚያደርግ ብርሃን የሚመጣ ሞት ነው። ቀደም ብሎ ከሳለው ዘሪ ጋር እያነጻጸረ፣ ተቃራኒው ነው ይላል። የቄስ ልጅ ነው፤ እሱም ወንጌል ሊሰብክ ሞክሮ ነበር። ዘርና መከርን ከየት እንዳመጣው የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ ያውቃል።

ስለዚህ የአጎቴ ጥያቄ መልስ ነበረው። ሞት ደቦ አይጠራም።

ተማሪዎቼን ሁልጊዜ «የሠዓሊውን ደብዳቤ ከማንበባችሁ በፊት ሥዕሉን እዩ» እላለሁ። አሁን ደግሞ እኔው ደብዳቤ እየጠቀስኩ ነው። ምን ላድርግ፣ ያለ ደብዳቤው ሞት መሆኑን አጎቴም አላየውም፣ እኔም አላየሁትም። ቢሆንም ቅደም ተከተሉ ላይ አልደራደርም። እጁ ምን ይዟል? ፀሐይዋ የት ደርሳለች? እዚያ ቦታ መኖር የነበረበት ማን ጎደለ? ቻትጂፒቲን ከዚያ በኋላ ጠይቁት።

ቫን ጎግ አጫጁን ሦስት ጊዜ ስሎታል፤ ሦስቱም የተለያየ ቦታ ነው ያሉት። የመጀመሪያው ሆላንድ፣ ኦተርሎ፣ ክሮለር ሙለር ሙዚየም ነው። ሁለተኛው አምስተርዳም፣ ቫን ጎግ ሙዚየም። አነስ ያለው ጀርመን፣ ኤሰን፣ ፎልክቫንግ ሙዚየም። እዚያ አካባቢ የምትኖሩ ልጆች በስልክ አይታችሁ እንዳትረኩ፤ የቀለሙ ውፍረት በስክሪን አይታይም። ለአምስተርዳሙ ትኬት ቀድማችሁ በኢንተርኔት ያዙ።