ስለ መጀመሪያዋ ሴት ለምትከራከሩ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት ደሴና ዙሪያዋ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ሳዋልድ ነው። አንዷ አልጋ ላይ ያለችው «እመቤቴ ድረሽልኝ» ስትል፣ የጎረቤቷ እናት ደግሞ ዱዓ ታደርጋለች። ወሎ ነዋ! በሁለቱም አልጋ ግን አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር ሰምቻለሁ። «ቻይው፣ ሔዋን ያመጣችብን ነው» ይሏታል። ልጅቷም ማስታገሻ መጠየቅ ታፍራለች። የመጀመሪያዋ ሴት ሔዋን ናት ወይስ ድንቅነሽ እያላችሁ ስትከራከሩ ዝም ማለት ያቃተኝ ለዚህ ነው።

ከመከራከራችሁ በፊት መጽሐፉን ራሱን አንብቡ። ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ወንድና ሴት በእግዚአብሔር መልክ ተፈጠሩ ይላል። ሴቷ ከአዳም ጎን የመሠራቷ ነገር የሚመጣው በምዕራፍ 2 ነው። «በጭንቅ ትወልጃለሽ» የተባለው በምዕራፍ 3 ነው፤ አዳምም እዚያው በላቡ እንዲበላ ተነግሮታል። ታዲያ ገበሬ ትራክተር ቢከራይ ማንም አይከለክለውም። ሴቷ ስለ ምን ማስታገሻ ትከለከላለች?

ቁርአን ሐዋን በስሟ አይጠራትም፤ የአዳም ሚስት ነው የሚላት። ሸይጧን ሁለቱንም አሳሳታቸው፤ ሁለቱም ነፍሳችንን በደልን ብለው አብረው ምሕረት ለመኑ። ጥፋቱን ለብቻዋ አላሸከማትም።

ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና የሚነሱት ለምንድን ነው ብለው ብዙ እናቶች ጠይቀውኛል። መጽሐፈ ኩፋሌን ተመልከቱ። አዳም በ40ኛው፣ ሔዋን በ80ኛው ቀን ገነት ገቡ ይላል። ያኔ ገና አልበደሉም። ስለዚህ ቁጥሩን የቅጣት አታድርጉት።

ሴት ለወንድ ቅጣት ሆና የተላከችው በግሪኮች ተረት ነው። ዜውስ ተቆጥቶ ፓንዶራን ከአፈር አሠራት። እሷም ማሰሮውን ከፈተችና መከራ ሁሉ ወጣ፤ ተስፋ ብቻ ውስጥ ቀረ። ኦሪት ግን ሔዋንን ረዳት ይላታል። ብዙ ሰው ሁለቱን ያደበላልቃል፤ እናንተ ለዩ።

አሁን ወደ ድንቅነሽ። የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ነው። ቦታው ዛሬ አፋር ክልል ነው፤ ያኔ ከወሎ ይቆጠር ነበር። በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ስትወርዱ ወደዚያ ትቀርባላችሁ። አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው ዳሌዋ ላይ ነው። የአዋላጅ ነገር! የቺምፓንዚ ዳሌ ረጅምና ጠባብ ነው፤ የሷ እንደኛ አጭርና ሰፊ ነው። ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት በሁለት እግሯ ቀጥ ብላ ትሄድ ነበር ማለት ነው። መራመዱ ዳሌን ቀየረው፤ ከብዙ ዘመን በኋላ ደግሞ የልጁ ጭንቅላት ተለቀ። ብዙ ተመራማሪዎች የምጣችንን መክበድ ከዚህ ጋር ያያይዙታል። ልጁ ዞር እያለ ሲወጣ በእጄ ስለተቀበልኩት፣ ይህ ለኔ ወሬ ብቻ አይደለም።

ድንቅነሽ ግን ሔዋን አይደለችም። አርዲ የምትባለው ሌላ ቅሪተ አካል 4.4 ሚሊዮን ዓመት ሆኗታል፤ ዲኪካ የተገኘችው ሕፃን ሰላምም ድንቅነሽን በዘመን ትቀድማታለች። በፈረንጆቹ 1987 የዘረመል ተመራማሪዎች «ሔዋን» ያሏት ሌላ ናት። ሚቶኮንድሪያ የሚባለው የሴል ክፍል የራሱ ዘረመል አለው፤ ልጅም የሚወርሰው ከእናቱ ነው። ያንን ወደ ኋላ ቢከተሉት የዛሬ 200,000 ዓመት ገደማ አፍሪካ ውስጥ ወደኖረች አንዲት ሴት አደረሳቸው። ብቻዋን አልነበረችም፤ የመጀመሪያዋም አይደለችም። ሰባት ወንድ ብቻ የወለደች እናት አስቡ። የልጅ ልጅ ሞልቷታል፤ የሷ ሚቶኮንድሪያ ግን ከልጆቿ አያልፍም። የሌሎቹ ሴቶች መስመር እንዲህ እንዲህ እያለ ተቋረጠ፣ የዚያች «ሔዋን» መስመር ግን እኛ ጋ ደረሰ። ሳይንስ «ይቺ ናት የመጀመሪያዋ» ብሎ የሚጠቁማት ሴት የለችውም። ሃይማኖት የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ከማን ነን፣ ምን በደልን፣ እንዴት እንመለስ። በአንዱ ሌላውን አትምቱ።

ነገ ማዋለጃ ክፍል የምትገቡ ተማሪዎች፣ ሚስታችሁን ይዛችሁ የምትመጡም፣ አደራ። ስትጮህ ሔዋንን አታንሱባት። «አብሽሪ» በሏት፣ ወገቧን እሹላት፣ ማስታገሻ ካለ ይሰጣት።