በሳምንት ሦስት ዶላር

ጥያቄ፦ በኢንዱስትሪው ዘመን በአሜሪካ ከተሞች ወጣት ሠራተኛ ሴቶችን ስለረዱ በጎ አድራጊዎች ሲወራ የጄን አዳምስ ስም ሁልጊዜ ይነሣል። በተግባር ያደረገችው ምንድን ነው? ገንዘቡስ በምን ላይ ዋለ?

መልስ፦ ከቤት ኪራይ እንጀምር፤ የነገሩ ሥር እዚያ ነውና። (ዓመታቱ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) አዳምስ ከጓደኛዋ ከኤለን ጌትስ ስታር ጋር በ1889 በቺካጎ ሆልስቴድ ጎዳና ላይ ሃል ሃውስ የተባለውን የማኅበራዊ አገልግሎት ቤት ከፈተች። ብዙም ሳይቆይ የአንድ ጫማ ፋብሪካ ሴቶች አድማ መቱና በዚያው ቤት ተሰበሰቡ። ሲወያዩ አንድ ነገር ግልጽ ሆነ፦ ቀድመው የሚሸነፉት ቀለብና ማደሪያ እየከፈሉ በሰው ቤት የሚኖሩት ናቸው። ደመወዝ ሲቆም ዕዳው ይከመራል፤ ሲከመር ደግሞ ከቤት እንወጣለን ብለው ይፈራሉ። በዚህ መሐል አንዷ ሠራተኛ የራሳችን ቤት ቢኖረን በእንዲህ ያለ ጊዜ አብረን በቆምን ነበር አለች።

ሠራተኛ ሴቶች ወጪውን ተጋርተው አብረው የሚኖሩበት የጄን ክለብ የተወለደው ከዚህ ሐሳብ ነው። ከመሥራቾቹ ዋነኛዋ ሜሪ ኬኒ ነበረች፤ የመጽሐፍ ጥረዛ ሠራተኛና የሠራተኛ ማኅበር አደራጅ። መጀመሪያ ስለ ኅብረት ሥራ የተጻፈ መጽሐፍ ጮክ ብለው አብረው አነበቡ፤ ከዚያ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ሁለት አፓርታማ ተከራዩ። ሃል ሃውስ የከፈለው የመጀመሪያውን ወር ኪራይና የቤት ዕቃውን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ኪራዩ፣ ምግቡ፣ የቤት ሠራተኞች ደመወዙ፣ ማሞቂያውና መብራቱ ሁሉ የተሸፈነው እያንዳንዷ አባል በሳምንት በምታዋጣው 3 ዶላር ነበር፤ አልፎ አልፎም አነስ ያለ ተጨማሪ መዋጮ ይጠየቅ ነበር። ከላይ የሚቆጣጠራቸው ሰው አልነበረም፤ ቤቱን የሚያስተዳድሩት ራሳቸው አባላቱ ናቸው። በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ አባላቱ 50 ደርሰው የሕንፃውን ስድስቱንም አፓርታማ ይዘው ነበር።

በዚህ ሂሳብ 50 ሰው ሲሞላ በሳምንት 150 ዶላር ይገባል። እንዲህ ያለውን ቤት የሚጎዳው ባዶ አልጋ ነው። አምስት ሴቶች ቢወጡ 15 ዶላር ይጎድላል፤ የሚቀንሰው ወጪ ግን የምግቡ ብቻ ነው። ኪራዩም፣ የምግብ አብሳይዋ ደመወዝም፣ የክረምቱ ማሞቂያም እንዳለ ይቀጥላል። ስለዚህ በሁለት አፓርታማ ጀምሮ አባል ሲበዛ ሌላውን መጨመር፣ ሙሉ ሕንፃ ይዞ አባል ከመጠበቅ እጅግ ይሻላል። በእኛ እምነት የክለቡ ትልቁ ብልሃት ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ሀብታሞች ወጪውን ቢደጉሙላቸውና ሴቶቹ 1 ዶላር ብቻ ቢከፍሉ አይሻልም ነበር?

መልስ፦ ለዛሬዋ ሳምንት ይሻል ይሆናል። በዚያ ዘመን በበጎ አድራጎት የሚደጎሙ ማደሪያዎች ነበሩ፤ በብዙዎቹ የመግቢያ ሰዓትና የሥነ ምግባር ደንብ የሚያስከብር ተቆጣጣሪ ነበረባቸው። ከዚህም የከፋው የደመወዙ ጉዳይ ነው። ማደሪያ በምጽዋት ሲረክስ አሠሪው ለመኖር የማይበቃ ደመወዝ እየከፈለ መቀጠል ይችላል፤ ጉድለቱን ሌላ ሰው ይሞላለታልና። እንዲህ ሲሆን ድጎማው በሠራተኛዋ በኩል አልፎ የሚገባው አሠሪው ኪስ ነው።

አዳምስ ይህን በሚገባ ታውቅ ነበር። ለክለቡ የራሱ ሕንፃ እንዲሠራ 20,000 ዶላር የሚሰጥ ሰው ተገኝቶ ነበር። ሰውዬው ግን በድርጅቱ ለሚሠሩ ሴቶች እጅግ አነስተኛ ደመወዝ በመክፈል የታወቀ ነበር። ከሠራተኛ ሴቶች ደመወዝ በተቀነሰ ገንዘብ ለሠራተኛ ሴቶች ቤት አይሠራም ተብሎ ስጦታው ተመለሰ። ክለቡም የራሱን ሕንፃ እስኪያገኝ ድረስ በተከራያቸው አፓርታማዎች ቆየ፤ ሕንፃው ኋላ የተሠራው ሌላ ሰው በሰጠው ገንዘብ ነው።