ወደ ባዝ በናሮውቦት፦ ሰዓቱን እንጂ ማይሉን አትቁጠሩ

እንግሊዝ የምንኖር ሐበሾች ሰመር ሲመጣ ወይ አገር ቤት ለመግባት እናስባለን፣ ወይ ስፔንና ቱርክ ሆቴል እንፈልጋለን። ደጃችን ያለውን ካናል የምናየው ለሩጫ ስንወጣ ወይም በባቡር ስናልፍ ነው። ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት የሚባለው ድርጅት በእንግሊዝና በዌልስ 2,000 ማይል ገደማ የውሃ መንገድ ያስተዳድራል። በአብዛኛው ላይ ናሮውቦት (ለካናል የተሠራ ጠባብና ረጅም ጀልባ) ተከራይቶ፣ ራስ እየነዱና ራስ እያበሰሉ መሄድ ይቻላል። መንጃ ፈቃድ አትጠየቁም። አከራዩ ጀልባውን ሲያስረክብ አሠራሩን ያሳያችኋል፣ ከዚያ በኋላ በራሳችሁ ናችሁ።

ልጆችና አዛውንት ይዞ ለሚወጣ ጀማሪ ቤተሰብ የምመክረው መስመር ከብራድፎርድ-ኦን-ኤቨን እስከ ባዝ ያለውን የኬኔትና ኤቨን ካናል ነው። ከሬዲንግ እስከ ብሪስቶል 87 ማይል ከሚዘረጋው መንገድ ይህኛው ዘጠኝ ወይም ዐሥር ማይል ቢሆን ነው። ሎክ የሚባለው፣ ውሃ እየሞላና እየጎደለ ጀልባን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ባለ በር ክፍል፣ ከብራድፎርድ በኋላ ባዝ እስክትደርሱ የለም። መጨረሻው ላይ ደግሞ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የተለየ ትርጉም ያለው አንድ ቤት አለ፤ እሱን ስንደርስ አነሳዋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ፍጥነት እንነጋገር፣ ምክንያቱም የብዙ ቤተሰብ ጉዞ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በካናሉ ላይ የሚፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 4 ማይል ነው። ዳር የታሰሩ ጀልባዎችን ስታልፉ ሞተሩን ዝቅ ማድረግ ግዴታ ስለሆነ (ሰው ውስጡ ይኖራል፣ ሻይ ቀድቶ ተቀምጧል፣ ገመዱን ብትነቅሉበት ይቆጣል) በተግባር የምትሄዱት ከ3 ማይል በታች ነው። የቆዩ ባለጀልባዎች ሒሳባቸው ቀላል ነው፦ ማይሉንና የሎኮቹን ብዛት ደምሩ፣ ለሦስት አካፍሉ፣ የምታገኙት ሰዓት ነው። 9 ማይልና 3 ሎክ ካለ አራት ሰዓት መንዳት ማለት ነው። ለአንድ ቀን ከዚያ በላይ አታቅዱ። ባዝ ደርሶ ብሪስቶልን ሳያይ መመለስ የማይዋጥለት ዘመድ ሁልጊዜ አይጠፋም። ለእሱ የባቡሩን መርሐ ግብር ስጡት፤ ባዝና ብሪስቶል በባቡር ቅርብ ናቸው።

ብዙ አከራዮች በሦስት ዓይነት ያከራያሉ፦ ከዓርብ እስከ ሰኞ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ወይም ሙሉ ሳምንት። ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለው አራት ሌሊት ለዚህ መስመር ይበቃል፣ ዋጋውም በአብዛኛው ከቅዳሜና እሁዱ ይሻላል። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ተረክባችሁ፣ ትምህርቱን ጨርሳችሁ፣ ዕቃችሁን እስክታስገቡ ቀኑ ይመሻል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ከአቨንክሊፍ አትለፉ፤ አንድ ማይል ተኩል ያህል ብቻ ነው። ጀልባው የተነሳው ከብራድፎርድ ሎክ በላይ ከሆነ ሎኩ ራሱ የዕለቱ ሥራ ይሆናል።

አቨንክሊፍ ላይ ካናሉ በድንጋይ ድልድይ ተሸክሞ ወንዙን ይሻገራል። ከታች ወንዙና ባቡሩ ያልፋሉ፣ እናንተ ከላይ በጀልባ። መግቢያውና መውጫው ኩርባ ስለሆነ አንድ ሰው ፊት ለፊት ቁሞ ይመልከት፣ ነጂው ጥሩንባውን ይንፋ። ጎኑ ላይ ያለችው የባቡር ጣቢያ ትንሽ ናት፤ ለመውረድ ለባቡሩ ሠራተኛ አስቀድሞ መንገር፣ ለመሳፈር ደግሞ እጅ ማሳየት ያስፈልጋል። ይቺን ጣቢያ በእቅዳችሁ ውስጥ አስገቡ። ሰኞ ሥራ ያለበት ሰው ማክሰኞ ጠዋት እዚህ ሊገናኛችሁ ይችላል። ሐዲዱ ከካናሉ ጋር ጎን ለጎን ስለሚሄድ፣ የደከመው ወይም ፈረቃ ያለበት በብራድፎርድ፣ በአቨንክሊፍ፣ በፍሬሽፎርድ ወይም በባዝ መግባትና መውጣት ይችላል። የእኛ ቤተሰብ ሁሉም በአንድ ቀን እረፍት አያገኝም፤ ኬር ሆም የሚሠራ አለ፣ ታክሲ የሚነዳ አለ። ሌሎች ካናሎች ላይ ይህን ማመቻቸት ይከብዳል።

ማክሰኞ ዳንዳስ አኩዳክት (ይህም ካናል ተሸካሚ ድልድይ ነው) ላይ ለምሳ ቁሙ። ጆን ሬኒ የሚባለው መሐንዲስ የሠራው፣ ሦስት ቅስት ያለው፣ ቢጫማ የባዝ ድንጋይ ነው፤ በ1805 (እ.ኤ.አ.) ነው የተከፈተው። ጀልባውን አስራችሁ በእግር ወደ ታች ውረዱና ከሜዳው ላይ ቀና ብላችሁ እዩት፤ ከላይ ስትነዱበት ቅስቶቹ አይታዩም። ከዚያ ትንሽ አለፍ ብሎ ክላቨርተን የሚባል ቦታ አለ፤ በ1813 ሥራ የጀመረ፣ በውሃ ኃይል የሚዞር መንኮራኩር ወንዙን ወደ ላይ እየገፋ ካናሉን የሚያጠጣበት። የሚከፈትበት ቀን ውስን ስለሆነ አስቀድማችሁ እዩ፤ ሲሠራ ካገኛችሁት ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ስለሱ ያወራሉ። ማታውን ባታምፕተን እደሩ። በመንገዱ ላይ ዞሮ የሚከፈት ድልድይ ይገጥማችኋል፤ አንድ ሰው ወርዶ ገፍቶ ይከፍታል፣ ጀልባው ካለፈ በኋላ መልሶ ይዘጋል። ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ተስማሚ ሥራ ነው፤ ስልኩንም ኪሱ ይከታል።

በሰመር ይህ ካናል ይጨናነቃል። በጀልባ የሚኖር ሰው ብዙ ነው፣ ዳሩ በጀልባ ተሞልቶ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ማደሪያ መፈለግ የሚጀመረው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው፤ በፈረንጅ ከቀኑ 3 ሰዓት ከሆነና ባዶ ቦታ ካያችሁ እሰሩ። ምልክቱን አንብቡ፤ 24 ወይም 48 ሰዓት የሚል ቦታ አለ። ከድልድይ ሥር፣ ኩርባ ላይ፣ ሎክ አጠገብና የውሃ መቅጃ ፊት አይታሰርም።

ረቡዕ በማለዳ ተነስታችሁ ባዝ ግቡ፣ ቀድሞ የሚወጣ ጀልባ ቦታውን ይለቅላችኋል። ወደ ከተማው ስትጠጉ ሲድኒ ጋርደንስ ውስጥ 1800 ተብሎ የተጻፈባቸው የብረት ድልድዮች ሥር ታልፋላችሁ። ከዚያ የድሮው የካናል ኩባንያ ቢሮ በነበረው ሕንፃ ሥር የሚያልፍ አጭር ዋሻ አለ። ጣሪያው ላይ ያለችው ቀዳዳ ከላይ ያሉት ጸሐፊዎች ለጀልባ ነጂዎች ወረቀት የሚያወርዱባት ነበረች ይባላል። ባዝ ላይ ከሎኮቹ በላይ አቁሙ። ወደ ወንዙ የሚያወርዱት ስድስት ናቸው፣ ከመካከላቸው አንዱ 6 ሜትር ሊሞላ ምንም ያህል አይቀረውም፣ ወንዙም በዝናብ ጊዜ ይጎለብታል። ልምድ ሳይኖር አያስፈልግም፤ አንዳንድ አከራይም አይፈቅድም። በእግር ሄዳችሁ ሌላው ሲወርድ ተመልከቱ።

አሁን ወደዚያ ቤት። በባዝ ምዕራብ በኩል፣ ኒውብሪጅ በሚባለው ሰፈር ፌርፊልድ ሃውስ አለ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር በተናገሩበት በዚያው በ1936 (እ.ኤ.አ.) ገዝተውት፣ በ1940 ወደ ሱዳን እስኪነሱ ድረስ የስደት ዘመናቸውን ያሳለፉበት ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገቡት ከዚህ ቤት ወጥተው ነው ማለት ይቻላል። በ1958 (እ.ኤ.አ.) ለአረጋውያን መጠቀሚያ እንዲሆን ለባዝ ከተማ ሰጡት። ስለ ንጉሡ የፈለጋችሁትን አስተያየት ያዙ፤ እኔም የራሴ አለኝ። ግን እንግሊዝ ተወልዶ ያደገ ልጅ የሮማውያኑን መታጠቢያ ቲኬት ቆርጦ ካየ በኋላ፣ በዚያው ከተማ ውስጥ የራሱ አገር ታሪክ ያለበት በር ፊት ሲቆም ጥያቄ መጠየቁ አይቀርም። ጀልባው ካለበት ቦታ በአውቶቡስ ሂዱ። ቤቱ በየቀኑ አይከፈትም፣ ስለዚህ የጀልባውን ቀን ከመያዛችሁ በፊት የመክፈቻውን ቀን አጣሩና ጉዞውን በእሱ ዙሪያ አድርጉት።

ሐሙስ መመለሻ ነው። ናሮውቦት እስከ 22 ሜትር ስለሚረዝም የትም ቦታ አይዞርም፤ ለመዞሪያ ተብለው የሰፉ ቦታዎች በካርታው ላይ አሉ። ዓርብ ጠዋት በማለዳ አስረክቡ ስለሚሏችሁ የሐሙስ ማታ ማደሪያችሁ ከመነሻው ብዙ የማይርቅ ይሁን።

ስለ ምግብ ብዙ ጥያቄ ይመጣል። የኤሌክትሪክ ምጣድ አይታሰብ፤ ጀልባው የሚሠራው በባትሪ ነው፣ ፀጉር ማድረቂያ እንኳ አይችልም። እንጀራውን ቤት ጋግራችሁ ወይም ከለንደን፣ ከብሪስቶል ገዝታችሁ ያዙ። ፍሪጁ ትንሽ ስለሆነ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ወጥ፣ ከዚያ በኋላ ሽሮና ምስር አስቡ። ብራድፎርድና ባዝ ላይ ሱፐርማርኬት አለ፤ መሃል ላይ ከፐብና ከካፌ በቀር ብዙ አትጠብቁ። ኦገስት ላይ ከሆነ ፍልሰታን አትርሱ። ጾሙ በፈረንጅ ኦገስት 7 ይገባል፣ የልጆቹም ትምህርት ቤት የሚዘጋው በዚያው ወቅት ነው። እናታችሁ የሚጾሙ ከሆነ የፐቡ ምግብ ዝርዝር ብዙም አይጠቅማቸው፤ ቀኑን በጁላይ መጨረሻ ማድረግ ወይም የጾም ስንቅ በሚገባ መያዝ ነው። ቡሄን ኦገስት 19 ጀልባ ላይ ያደረገ ቤተሰብ ደግሞ ዳቦውን ይዞ ይሂድ እንጂ፣ «ሆያ ሆዬ» ለጎረቤት ጀልባ መጨፈር ምንም ክልከላ የለውም።

ቡናውን ግን ጠንከር አድርጌ ልናገር። ጀበናውን ጋዙ ላይ ጣዱት፣ ቡናው ቤት ተቆልቶ ይምጣ፤ ከሰል ጀልባ ውስጥ በፍጹም አይያያዝ። ብርድ ነው፣ ረከቦቱ ካልተሟላ አያምርም፣ ለአፍታ ብቻ ነው፣ በር ይከፈታል፤ ይህን ሁሉ ሰምቻለሁ። ጀልባ ዝቅ ያለ ጣሪያና ትንሽ መስኮት ያለው ጠባብ ክፍል ነው፣ የከሰሉ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለው፣ ተኝቶ የቀረ ሰው ብዙ ነው። ጣሪያው ላይ ያለው የጋዝ ማስጠንቀቂያ በሕግ የተገጠመ ስለሆነ ዕጣን አስጮኸው ብላችሁ ባትሪውን አታውጡ፤ ዕጣኑን ደጅ አጭሱት።

ብዙዎቻችን ዋና አንችልም። ካናሉ ራሱ በብዙ ቦታ ጥልቅ አይደለም፤ የወደቀ አዋቂ ሰው ቁም በሉት። የሚያሰጋው ሎኩ ነው። ስትወርዱ ከኋላችሁ ባለው በር ሥር፣ ውሃው ሲጎድል ብቅ የሚል የድንጋይ ደረጃ አለ፤ የጀልባው ጭራ እዚያ ላይ ከተቀመጠ አፍንጫው ወደ ውሃ ይደፋል። ግድግዳው ላይ ያለውን ነጭ መስመር አልፋችሁ ወደፊት ቁሙ። ገመዱን አጥብቃችሁ አትሰሩት፤ ውሃው ሲወርድ ጀልባው ተንጠልጥሎ ይቀራል። ውሃ የሚለቀውን የብረት እጀታ የያዘው ሰው ከነጂው ጋር ዓይን ለዓይን ሳይተያይ አያዙር። «ጋሼ፣ ልክፈት?» «ቆይ! ... አሁን ክፈት።» ይህን ያህል ነው። ልጆች ከጀልባው ውጭ ሲቆሙ የመንሳፈፊያ ጃኬት ይልበሱ፤ አከራዩ ይሰጣል፣ ቁጥራቸውንና ኪሏቸውን አስቀድማችሁ ንገሩት።

ማስታወቂያው «ስምንት ሰው ያስተኛል» ካለ ስድስት ሆናችሁ ሂዱ። ሁለቱ የሚተኙት የምግብ ጠረጴዛው ታጥፎ በሚሆነው አልጋ ላይ ነውና፣ ማለዳ ሻይ የሚፈልግ ሰው ሁሉ ይቀሰቅሳቸዋል። ስፋቱም 2 ሜትር ከትንሽ ነው፤ ሁለት ሰው በኮሪደሩ አይተላለፍም። ጉልበት የሚያማቸው እናት ካሉ፣ የመግቢያው ደረጃ ስንት እንደሆነና መደገፊያ እንዳለው አከራዩን በስልክ ጠይቁ። መጸዳጃውስ የሚመጠጥ ነው ወይስ ራሳችሁ ተሸክማችሁ የምትደፉት? የሚመጠጠውን ምረጡ። ናፍጣው ዋጋው ውስጥ አለ ወይስ በመጨረሻ ይሰላል? ለጉዳት የሚያዘው ገንዘብ ስንት ነው? የውሃ ታንኩን በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ትሞላላችሁ፣ ለመቅጃው የሚሆነው ቁልፍ ከጀልባው ጋር መሰጠቱን አረጋግጡ። ለኦገስት ከሆነ ክረምቱ (የፈረንጁ) ሳያልፍ ያዙ። ሜይና ሴፕቴምበር ዋጋውም ሕዝቡም ይቀንሳል፣ ግን ማታ ስለሚበርድ ጋቢ ያዙ። መሪው ዘንግ ወደ ቀኝ ሲገፋ ጀልባው ወደ ግራ እንደሚሄድ ደግሞ የመጀመሪያውን ከሰዓት በኋላ ሁላችሁም በየተራ ተለማመዱት፤ አንድ ሰው ብቻ ነጂ ከሆነ እሱ አራት ቀን ቆሞ ይውላል፣ ቡናውም የሚደርሰው ቀዝቅዞ ነው።